ከእኔ የሸሹት ትሎች

እኔ እንኳ መንፈስ፣ ምልክት ምናምን ለሚባል ነገር ጆሮ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ጂንካ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ ጅብ ሲጮህ «ራቱን ፈልጎ ነው» ብዬ የምተኛ ነኝ። ይህን የምነግርህ ግን በዓይኔ ስላየሁት ነው፣ ካላመንከኝም አልቀየምህም።

ሥራዬ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ረዳትነት ነው። ያኔ ሰባት ዓመት ጠብቀን ያገኘናት ልጄ አራት ወሯ ነበር፣ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እሷን ነው የማቅፈው። በዚያው ሰሞን አንድ መምህራችን ናኖ የሚሉትን፣ ከመላሙ የተነሳ በዓይን የማይለይ የብር ማዕድን ብናኝ አምጥቶልን በምድር ትል ላይ እንሞክር ነበር። ትሪ ስለሌለን ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአሪ ሸክላ ሠሪዎች ሰፊ ሳህን እገዛለሁ፣ ግማሹን ንጹህ አፈር፣ ግማሹን ብናኝ ያለበት አፈር እሞላለሁ፣ ትሎቹን መሃል አድርጌ በእንሰት ቅጠል እሸፍናለሁ። በሁለተኛው ቀን ስገልጠው ሁሉም ንጹሁ ጋ ናቸው። እስቲ አስበው፣ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ አንጎሉ ቢባል የጤፍ ፍሬ የምታክል የነርቭ ቋጠሮ፣ ግን ቆዳው «ተመለስ» ይለዋል! እኔ ባለ ትልቁ ጭንቅላት ደግሞ ጓንት ይሞቀኛል ብዬ ብናኙን በባዶ እጄ ሳቦካ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደብድቦ ጋብ ሲል፣ ለማነጻጸሪያ ብዬ ሁለቱንም ጎን ንጹህ አፈር ሞላሁ፣ ሳህኑም አዲስ ነው። ቅጠሉን አልብሼ ቁጭ ከማለቴ ከሥሩ ሽር ሽር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገልጬ ሳይ ትሎቹ በሙሉ ከእኔ ማዶ ጠርዙ ላይ ተከምረዋል። ሳህኑን አዞርኩት፣ እንደገና ማዶ ሄዱ። ጠረጴዛውን ዞሬ በሌላ በኩል ቆምኩ፣ እነሱም ዞሩ! ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ለብቻዬ ማየቱን አልወደድኩትም።

ጠርሙስ የሚያጥቡልንን እትዬ አስቴርን ጠርቼ በእኔ ቦታ አቆምኳቸው። ትሎቹ ተበተኑ፣ እንዲያውም ሁለቱ ወደ እሳቸው መጡ። እኔ ጠጋ ስል ግን ሁሉም ጥግ ያዙ።

«በኢየሱስ ስም! አንተ ተመስገን፣ ትል እንኳ ጠላህ?» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ልጅቷን በዚህ እጅህ ነው የምታቅፋት?» አሉኝ።

ያኔውኑ እጄን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአሸዋ ፈተግኩ፣ ጋዋኔን ጣልኩ፣ ብናኙን ከዚያ ወዲያ አልነካሁም፣ ሐኪሙም መርምሮኝ «ጤነኛ ነህ፣ ትል ምን ያውቃል!» ብሎ ሳቀብኝ። ትሎቹ ግን በሳምንቱም ሸሹኝ፣ በወሩም ሸሹኝ። ልጄን ወር ሙሉ ሳልነካት ቀረሁ።

ባለቤቴ መረራት። «ወይ ያዛት፣ ወይ ምን እንደሆንክ ንገረኝ!» ብላ ልጅቷን ይዛ ፊቴ ቆመች። እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኩ። ልጄ ግን እየሳቀች ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ፣ ከእናቷ እቅፍ ልትዘል ደረሰች። ምን ላድርግ፣ አቀፍኳት፣ ሳምኳት፣ ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ዛሬም እየሮጠች ትጠመጠምብኛለች፣ አንዲት ቀን እንኳ ታማ አታውቅም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ትሎቹ ግን ዛሬም ይሸሹኛል፣ እሷን ባቀፍኩ ቁጥር ያ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ ያወቀችው ነገር ምን ይሆን እላለሁ።