ያን ሐሙስ ሆዳንን ያማከራት ሰው

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ሰው «በዓይኔ አየሁ» ሲለኝ «ደክሞህ ነው፣ ተኛ» የምል፣ ተማሪዎቼን ማስረጃ አምጡ እያልኩ የማስጨንቅ መምህር ነኝ፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

ከደሴ ተመድቤ ጅግጅጋ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከማስተማሩ ሌላ የዶክትሬት ተማሪዎችን በኦንላይን አማክራለሁ፣ ከሁሉም ሆዳንን እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። ሽንሌ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት፣ የምትጽፈው ስለ አርብቶ አደር ልጆች ትምህርት ነው፣ በየሐሙሱ አሥር ሰዓት ላይ ትንሹን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «መዓሊን፣ ይሰማል?» ትለኝ ነበር፣ በሶማሊኛ መምህር ማለቷ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ በአካል ተያይተን አናውቅም ነበር።

አምና አንድ ሐሙስ ከጅግጅጋ ወጣ ብላ ወዳለችው ቱሊ ጉሌድ ለቅሶ ሄድኩ፣ ላፕቶፔን ቤት ቆልፌበት ነው የወጣሁት፣ በጊዜ እመለሳለሁ ስል መኪናው ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ተበላሸና እስኪመሽ ቆመን ቀረን፣ እሷ ስትጠብቀኝ እየታየኝ ስልኬን ከፍ አድርጌ ኔትወርክ ስፈልግ ዋልኩ። በማግስቱ ደወልኩላት።

«ሆዳን፣ ለትናንቱ በጣም ይቅርታ...»

«የምን ይቅርታ? ዋላሂ መዓሊን፣ ትናንት ባያናግሩኝ ኖሮ ትምህርቱን አቋርጬ ነበር፣ ደብዳቤውን እኮ ጽፌ ጨርሼ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያናገርኩሽ?»

ሳቀች። «አንድ ሰዓት ሙሉ! ቀድቼዋለሁ፣ ልላክልዎት?»

ላከችው። እመነኝ፣ ሰውየው እኔ ነኝ፣ ሹራቡ የእኔ፣ መጋረጃው የእኔ፣ ከበስተጀርባ የጎረቤቴ የብየዳ ጩኸት ይሰማል። የድሮ ቅጂ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ነበር፣ ግን ለካሜራው ከፍ አድርጋ ያሳየችው የማቋረጫ ደብዳቤ ላይ የዚያ ሐሙስ ቀን ተጽፏል። አራተኛውን ምዕራፍ ገጽ በገጽ አረመላት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት ነበረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እኔም ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ጽሑፌን አልጋ ሥር ወርውሬ ስምንት ወር አላየሁትም። አንቺ ከእኔ ትበረቺያለሽ» አላት።

ይህን ለእናቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሆዳን እያለቀሰች ደብዳቤውን ቀደደችው።

እኔ አልነበርኩም ልበላት? አንጀቴ አልቻለም። ዘንድሮ ጽሑፏን አቅርባ አለፈች፣ ልጆቿን ይዛ ጅግጅጋ ድረስ መጣች፣ ትንሹ ገና ሲያየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ እሷም «ያን ሐሙስ መቼም አልረሳውም» አለችኝ። ምስጋናውን የራሴ አድርጌ ተቀበልኩ።

የቅጂውን መጨረሻ ግን ያየች አይመስለኝም። ተሰናብታ ወደ ልጇ ስትሮጥ ሳታጠፋው ነው የሄደችው፣ ሰውየው እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ባዶ ወንበሯን በፍቅር ያያል። ብዙ ቆይቶ የበር ቁልፍ ሲዞር ይሰማል፣ አንድ የደከመው ድምፅም «ኧረ ይሄን መስኮት ማነው የከፈተው?» ይላል። ያን ቀን ከመንገድ ገብቼ፣ ሰው በሌለበት ቤቴ ውስጥ፣ ለራሴ ያልኩት ነው። ሰውየው ወደ በሩ ዞሮ ፈገግ አለ፣ ቅጂው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

አሁንም ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ግን ቁልፌን ከማውጣቴ በፊት በሩን አንኳኳለሁ።