የሳምንቱ ቆጣቢ

«የዚህ ሳምንት ቆጣቢ…» አለችና ልጅቷ ሆን ብላ ዝም አለች። ታናሽ ወንድሟ ጠረጴዛውን በሁለት ጣቱ እንደ ከበሮ መታላት። አባቷ ሹካውን አስቀመጠ። «…እማማ!»

ሁሉም አጨበጨቡ። አያቷ አፋቸውን በሹራባቸው እጅጌ ሸፍነው እንደ ኮረዳ ሳቁ። ወንድሟ ግን አኮረፈ። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት በእግሩ እየተመለሰ የአውቶቡሱን ሳንቲም ለቤት ያመጣው እሱ ነበርና ማሸነፍ የሚገባውም እሱ ነበር። «ይሄ ሸወዳ ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ጨዋታውን የፈጠረችው ልጅቷ ናት። መስከረም ሲገባ አባቷ በሹፌርነት የሚሠራበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ ሰዓቱንም ደመወዙንም በግማሽ ቆረጠው። እናቷ የምትሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሽ ስለምትገባ ገበያ የምትዞርበት ጊዜ የላትም። ስለዚህ የአስቤዛው ገንዘብ በልጅቷ እጅ እንዲሆን ተወሰነ። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም በሒሳብ ከክፍሏ የሚደርስባት አልነበረም። አባቷ «እንግዲህ የገንዘብ ሚኒስትር ሾመናል» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ጠፋ፤ ሚኒስትሯ ሆና ቀረች።

እውነቱን ለመናገር ሹመቱን ወዳዋለች። ገበያ የምትሄደው ነጋዴዎቹ ሊዘጉ ሲሉ ነው፤ ያን ጊዜ የለሰለሰ ቲማቲም በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ድንቹ አንዴ ከፈላ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ ጋዝ ሳይነድ እዚያው ይበስላል። የሳሙና ቁርጥራጭ አሮጌ ካልሲ ውስጥ እያጨቀች ታጥብበታለች። የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ በመቀስ ሰንጥቃ «ገና የሦስት ቀን አለው» ትላለች። ሲመሽ የሚበራው አንድ አምፖል ብቻ ስለሆነ ሁሉም እሱ ሥር ተፋፍጎ ይቀመጣል። ቅዳሜ እራት ላይ ደግሞ የሳምንቱ ቆጣቢ ይታወጃል። ሽልማቱ የዋዛ አይደለም። እሁድ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሞቀው ውኃ ቀድሞ የሚታጠበው አሸናፊው ነው፤ መጨረሻ ተራ የደረሰው ለብታውን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

አያቷ ከዚያ ቀን በፊት አሸንፈው አያውቁም። ምን ሊቆጥቡ? የሚበሉት የወፍ ያህል ነው፤ የትም አይሄዱም። በእሳቸው በኩል ያለው ወጪ የዓይን ጠብታቸው ብቻ ነበር። ግላኮማ የሚሉት በሽታ አለባቸው። የዓይናቸው ግፊት እንዳይጨምር ጧት ማታ በሁለቱም ዓይናቸው ጠብ ማድረግ አለባቸው። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ አውራ ጣት የማታክል ጠርሙስ በየወሩ ትገዛለች።

መስከረም ሳይጋመስ አንድ ቀን ሒሳቡ አልገጥም ብሏት ልጅቷ ብው አለች። «ይሄ ጠብታ ብቻውን የሳምንት አስቤዛ ይበላል!» አለች፣ ሁሉም በተቀመጡበት። በክፋት አልነበረም፤ የተናደደችው በቁጥሩ ነው። እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻትና ወሬው ተቀየረ። አያቷ ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

አሁን ጥቅምት ተጋምሷል። በወር ታልቅ የነበረችው ጠርሙስ ግን ሁለተኛ ወሯን ይዛ፣ ሲነቀንቋት ገና ድምፅ ትሰጣለች።

«እጄ ሠለጠነ» አሉ አያቷ ለተጨበጨበላቸው ሲመልሱ። «ድሮ ግማሹን ጉንጬን ነበር የማጠጣው።»

አባቷ ሳቀ፤ ልቡ ግን ሙሉ በሙሉ ያረፈ አይመስልም። «እማዬ፣ በደንብ እያደረግሽ ነው ግን?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ይህን ከማሉ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? አባቷ ሹካውን አነሣ። ልጅቷን አንድ ነገር ሸንቆጥ አደረጋት። የፈሰሰውን ሁሉ ቢያስቀሩ እንኳ ጠብታ እንዴት ይህን ያህል ይቆያል? ይህን ማስላት ለእሷ ምንም አልነበረም። ግን ቁጥሩ ደስ አሰኝቷታል፤ ደስ ያሰኛትን ቁጥር ደግሞ መመርመር አልፈለገችም። በማግስቱ የአያቷን ውኃ ራሷ ቀዳችና ጀርባቸውን አሸችላቸው። እሳቸውም «እደጊ፣ ተመንደጊ» እያሉ መረቋት።

ብርዱ ጠና። አባቷ እጁን እያፋተገ «በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ ቤት ግን አጥንቱም ሚኒስትሯን ማስፈቀድ አለበት» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። ቤት ውስጥ የሚያስቅ ሌላ ነገርም ተገኝቶ ነበር። አያቷ ሻይ ሲቀዱ ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ ያፈሱታል። በበሩ ሲያልፉ ግራ ትከሻቸውን ከመቃኑ ጋር ያጋጫሉ። ወንድሟ «እማማ ከበሩ ጋር ቦክስ ጀመረች» ብሎ ያፌዛል። እናቷ ግን ስቃ አልቀረችም፤ ልጅቷን ወደ ጓዳ ጠርታ አንዱ አምፖል ለአሮጊት ሰው አይበቃም፣ ሌላውንም እናብራ አለቻት። ልጅቷ አፈረች፤ እሺም አለች። ሁለተኛው አምፖል ለሁለት ቀን በራና በሦስተኛው ቀን እራሷ አጠፋችው። አያቷም «ተይው፣ ይበቃናል» ብለው አገዟት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የአያቷ የምርመራ ቀጠሮ ደረሰ። አባቷም እናቷም ሥራ ላይ ስለነበሩ ልጅቷ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። የአያቷን አገጭ መሣሪያው ላይ አስደግፋ መጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ግራውን ለካች። ግራውን ደግማ ለካችው። ከዚያ በመዳፏ ቀኝ ዓይናቸውን ጋርዳ ሌላ እጇን ፊታቸው ላይ ዘረጋች።

«እማማ፣ ስንት ጣት ይታይዎታል?»

«መብራቱን አጥፍተሽ ነው እንዴ የምትጠይቂኝ የኔ ልጅ?» አሉ አያቷ።

መብራቱ በርቷል። መጋረጃውም ተከፍቶ የቀትር ፀሐይ ክፍሉን ሞልቶታል።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። የቀኙ ግፊት በጣም ጥሩ ነው አለች። የግራው ግን ከሚገባው በላይ ወጥቶ ነርቩን ጎድቶታል፤ የጠፋው ብርሃን በምንም ሕክምና አይመለስም። ጠብታውን ጧት ማታ በሁለቱም ዓይን እያደረጉ እንደነበር ጠየቀቻቸው። አያቷ «ሳላዛንፍ» ብለው መለሱ። ሐኪሟ ጥቂት አሰበችና እንግዲያው መድኃኒቱ አልበረታም ማለት ነው፣ ቀኙም ሳይከዳን ጠንከር ባለ ልንቀይረው ይገባል ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው። ዋጋው ከበፊቱ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አስቀድማ ነገረቻቸው፤ እንዳይደነግጡ ብላ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ቀኙ ደህና፣ ግራው ጠፍቷል። የአንድ ወር ጠርሙስ ሁለት ወር ቆይቷል። ሒሳቡ ሳትፈልገው ራሱን በራሱ ሠራ።

«እማማ፣ ግራውን ትተሽው ነበር?»

አያቷ የሹራባቸውን ቁልፍ ማፍተልተል ጀመሩ። «በቀኙ ነው መርፌ የማስገባው» አሉ በመጨረሻ። «ግራው ድሮም ሰነፍ ነበር። ለአንዲት አሮጊት አንድ ዓይን ምን አነሳት?» ከዚያ ሳቅ አሉ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ምዬ የለ? ሰማኝ። ግማሹን መተዉ ደግነቱ ነው።»

ልጅቷ አልሳቀችም። መጀመሪያ በአያቷ ላይ በጣም ተናደደች፤ ማን ዓይን ቆጥቡ አላቸው? ቁጣው ግን ወዲያው ወደ ራሷ ዞረ። ጠብታው አስቤዛ ይበላል ያለችው እሷ ናት። ጠርሙሷን ነቅንቃ «እማማ» ብላ ያወጀችውም፣ አጨብጭባ ያስጨበጨበችውም እሷ ናት። ጀርባቸውን እያሸች ምርቃታቸውን ስትቀበል ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያይባት ጫማዋን የምታስር መስላ አጎነበሰች።

አያቷ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። ይህ ነገር ከሁለታቸው እንዳያልፍ ለመኗት። «አባትሽ ከሰማ ሰው አይሆንም። ደመወዜ በመቆረጡ እናቴን አሳወርኩ ይላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይመን። መድኃኒት ቢያማርሩት ምን ይሆናል?»

የሚያሳምን ነገር ነበረው። አባቷ ከመስከረም ወዲህ እየከሳ ነው፤ የሚቀልደውም እንዳይታወቅበት መሆኑ ገብቷታል። ዝምታው ደግሞ ለእሷም ተስማሚ ነበር። ማንም ስለ ጨዋታው አያነሣም፤ ሚኒስትሯ እንደተከበረች ትኖራለች። ይህንን ማሰቧን ስታውቅ ራሷን ጠላችው፤ ቢሆንም እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

አያቷ እሺታዋን እንዳገኙ ቆጥረው የመድኃኒቱን ወረቀት ከእጇ ወሰዱና ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «ሦስት እጥፍ ነው ያለችው? ግድ የለም» አሉ። «አንድ ቀን ባደርገው፣ አንድ ቀን ባሳልፈው፣ ሌሊቱንማ ተኝቼ ነው የማድረው፣ ምን ያደርግልኛል? ይደርሳል፤ አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

ይህን ያሉት እሷን ለማጽናናት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ነበረበት፤ በጨዋታው የጎበዘ ሰው ኩራት። ልጅቷ ከወንበሩ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ዶክተሯ ጋ።»

አያቷ እጅጌዋን ጨምድደው ያዙ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። «ገብተሽ ብትናገሪ ዓይንሽን ለአፈር!» አሉ።

ልጅቷ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከእጅጌዋ አላቀቀች። በሩ ጋ ደርሳ የገባው ታካሚ እስኪወጣ ድረስ ቆመች፤ ዞራም አላየቻቸውም። ዞራ ብታይ ተመልሳ እንደምትቀመጥ ታውቃለች።

ሐኪሟ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ልጅቷ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቀኙን ያቆየው የድሮው ጠብታ ነውና አዲሱ አያስፈልግም አለች። በግራውም በኩል የቀረች ጭላንጭል ካለች እንዳትጠፋ በሁለቱም ዓይን መደረግ አለበት፤ ቤት ውስጥ የሚያደርግላቸው ሌላ ሰው ይሁን፣ ለራሳቸው አይተው። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድዳ ሌላ ጻፈች።

«ለአባትሽ ማን ነው የሚነግረው? ልደውልለት?»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች ልጅቷ።

ሲመለሱ በአውቶቡስ ሄዱ። አያቷ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። መንገዱ ላይ ቅጠሉን የጨረሰ ዛፍ በየተራ ያልፋል። ልጅቷ አጠገባቸው፣ በግራቸው በኩል ነበር የተቀመጠችው። እዚያ መሆኗን እንደማያዩ የገባት አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ወደ ቀኛቸው ልትዞር አሰበች፤ በቀኛቸው ግን መስኮቱ ነበር።

አባቷ ግማሽ ቀኑን ሠርቶ ቤት ገብቷል። የወንድሟን የተላቀቀ ጫማ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማስቲሽ እየቀባ ነበር። ቀና ብሎ ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀ።

«ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ» አሉ አያቷ። ልጅቷን ሳያዩ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት።

አባቷ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት እልም አለ፤ ልጅቷም ያንን ስታይ ወኔዋ ሊከዳት ደረሰ። «እሰይ! አንድ ነገር ቀለለልን» አለ ጫማውን እየጫነ። «ምስጋና ለሚኒስትራችን።»

«አባዬ፣ ጫማውን አስቀምጠው» አለችው።

ድምፅዋን ሲሰማ አስቀመጠው። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር በመንገድ ሁሉ ስታስብ ነበር፤ ከሐኪሟ፣ ወይም ከአያቷ ቃል መጀመር ይቀላት ነበር። ከራሷ ጀመረች።