«ግቡ» ያልኳቸው ሴቶች

እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ «ውሸት ነው» ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ይሄ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ አይመን።

ሳቫይኢ፣ ውቅያኖስ መሃል ያለችው ደሴታችን፣ ሐሙስ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ...

የእናቴን መድኃኒት ይዤ ከሆስፒታል ስመለስ የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። እናቴ ሴፊና ከፍራሽዋ ሳትነሳ ሰባት ወሯ ነው። መድኃኒቱ ያን ምሽት ካልደረሰላት... ማሰብ አልፈለግሁም።

መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቆመልኝ።

ከኋላ መጫኛው ላይ አምስት አሮጊቶች ተጣበው ተቀምጠዋል። አንዷ ጭኗን መታ መታ አድርጋ «ነይ እዚህ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ነውር የለውም። አውቶቡስ ሲሞላም የማናውቀው ሰው ጭን ላይ ነው የምንቀመጠው።

ጭኗ ግን ቀዘቀዘኝ...

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሴፊና።»

«እሰይ፣ የሴፊና ልጅ» አለች። ሌሎቹም ፈገግ አሉ።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ሁሉም ጥቅል ሰሌን ታቅፈዋል፤ ለለቅሶ የሚወሰደውን ምርጥ ሰሌን።

«ለቅሶ ልትደርሱ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ገና ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ። አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሸመቻት።

ቀልድ መሰለኝ። የእኛ አገር አሮጊቶች በሞት ሲቀልዱ ነው የሚውሉት።

ከዚያ የምሽት ጸሎት መለከት ተነፋ። በዚያ ሰዓት በመንደር ውስጥ መኪና አይነዳም። ሰዓቱን ለማስከበር መንገድ ዳር የሚቆሙት የመንደሩ ወንዶች ያለፈውን ይይዙታል፣ ይቀጡታል።

ሹፌራችን አልቆመም...

ወንዶቹም አላስቆሙንም። በእጄ ልነካቸው እስክችል ድረስ ተጠግተናቸው አለፍን። አንዳቸውም ዓይናቸውን አላነሡም።

ዘልዬ ልወርድ አሰብኩ። ግን መድኃኒቱ...

መኪናው በደጃችን ቆመ። ቤቴ የት እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር።

ወረድኩ። አሮጊቶቹ አልተንቀሳቀሱም። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ያዩኛል።

ያኔ ልማድ አሳሳተኝ። እኛ ዘንድ በደጅ ያለን ሰው ግባ አለማለት ስድብ ነው። ድስቱ ባዶ ቢሆንም ይባላል። ሰውም «ጠግበናል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

«ኑ ግቡ፣ አብረን እንብላ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ አምስቱም።

ሮጬ ገባሁ። እናቴ ነቅታለች።

«እማ፣ መድኃኒትሽን...»

«ምን አልሻቸው?»

«እነማንን?»

«ውጭ ያሉትን።»

«ግቡ... ግቡ ነው ያልኳቸው።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ሦስት ቀን ሙሉ በደጃችን ሲመላለሱ ዝም ብያቸው ነበር» አለች። «በዕድሜዬ እንደዚያ ባለጌ ሆኜ አላውቅም።»

ዞር ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። ፒክአፑ የለም። ሴቶቹም የሉም።

«እማ፣ ሄደዋል እኮ...»

«ምን ይደረግ ልጄ» አለች በቀስታ። «የጠሩት እንግዳ አይመለስም።»

ሰባት ወር ሙሉ ያለ እኔ እጅ መገላበጥ ያልቻለችው እናቴ ራሷን ችላ ወደ ጥግ ጠጋ አለች።

በለቀቀችው ቦታ ላይ ፍራሹ ቀስ ብሎ ረገበ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚረግበው።