ጭሱ የወጣለት ከሰል

ቤይሩት ዳር ባለው ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ውስጥ ዝናሽን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ራስሽን አመመሽ? ዝናሽ ጋ ሂጂ። ሆድሽ ተነፋ? ዝናሽ ጋ ሂጂ። ማዳምሽ አኮረፈችሽ? ለእሱም መላ አታጣም። ዳማከሴዋን የቤቱ ጣራ ላይ በወይራ ዘይት ቆርቆሮ ተክላ እንደ ልጅ ትንከባከበዋለች፤ ቅጠሉም ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደ እሷ ለሰው አንጀቷ የሚላወስ ሴት ቤይሩትን ቢያስሱ አትገኝም። ጥፋቷ አንድ ነው። እሷ የማታውቀው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም።

ባዳሮ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው መቅዲ፣ ማዳሟ ወደ ውጭ ሄዳ የሁለት ቀን ዕረፍት ስታገኝ የሮጠችው ወደ ዝናሽ ነው።

"እትዬ ዝናሽ፣ ተራራ ወጥተን ድንኳን ውስጥ እንደር።"

"ያኒ፣ ማለቴ ቤት እያለን ሜዳ ላይ?"

"ሀገሬው ሁሉ ይሄዳል እኮ።"

"ሀገሬው ቤት ስላለው ነው ሜዳ የሚያምረው። የእኛማ ቤት ጣራው ሲያፈስ ሜዳ ነው።"

መቅዲ ግን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ይህች ልጅ ሊባኖስ ከገባች ጀምሮ ተራራ ያየችው የማዳሟን ምንጣፍ ስታራግፍ ከበረንዳ አሻግራ ብቻ ነው። ዝናሽ ይህን ታውቃለች፤ ሆዷ አልቻለም። "ኸላስ፣ በቃ እንሄዳለን" አለች። ከዝናሽ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖረው መስታወትም ተጨመረችና፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ በቫን ተሳፍረው ወጡ።

የተራራው ጥብቅ ደን በር ላይ ጁነይድ የሚባል ሪዛም የደን ጠባቂ "ቦንጁር" ብሎ ተቀበላቸው። ቦታውን አዙሮ አሳያቸው። ለቀን ሽርሽር ብቻ የሚመጣ ሰው ከታች ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ማደር የፈለገ የእንጨት ጎጆዎች አሉለት፤ እነሱ ግን ለዚያ ቀን ተይዘዋል። የቀረው በጥዶቹ መካከል የሚከራየው ድንኳን ነው። አንዱ መንገድ ወደ ምንጩ ይወስዳል፣ ሌላው ጉልበት ላለው ወደ ጫፉ። መጨረሻ ላይ በድንጋይ ወደ ተሠራው የእሳት ቦታ ጠቆመ።

"እሳት እዚህ ብቻ። ከሰል ወደ ድንኳን አታስገቡ፣ እህቶቼ። ከበረዳችሁ ለኔ ንገሩኝ፣ ብርድ ልብስ እሰጣችኋለሁ።"

"ታይብ፣ ታይብ፣ እሺ" አለች ዝናሽ በትሕትና። ሰውዬው ዞር ሲል ወደ ልጆቹ ዞረች። "እስቲ አሁን ይሄ ለእኛ ከሰል ሊያስተምር? ጭሱ የወጣለት ፍም ምን ያደርጋል?"

የዚያን ቀን መቅዲን ያየ ሰው ደስታ ምን እንደሚመስል አይቷል። ምንጩ ውስጥ እግሯን ነክራ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት ትስቃለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ትነክራለች። ዝናሽ "ሰው ታዘበን" እያለች ስትቆጣ ቆይታ፣ በኋላ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ምሳቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ በሉ።

"እትዬ ዝናሽ" አለች መቅዲ እያኘከች፣ "ዛሬ ማንም ስሜን አልጠራም። መቅዲ ውሃ፣ መቅዲ በሩ፣ መቅዲ ሕፃኑ አለቀሰ የሚለኝ የለም።"

ዝናሽ እንባዋ መጣ። እንዳይታይባት ቂጣ ቆርሳ አጎረሰቻት።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ተራራው በአንድ አፍታ ቀዘቀዘ፤ መቅዲም ጥርሷ ይጋጭ ጀመር። ጠባቂው ብርድ ልብስ አለኝ ማለቱ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ዝናሽ ለምሳ ዶሮ ከጠበሱበት የእሳት ቦታ ፍሙን ይዘዋት በመጡት ትንሽ ምድጃ አድርጋ የተከራዩት ድንኳን ውስጥ አስገባችው። "እናንተ ሙቁ፣ እኔ ዕቃውን ልጠብ" ብላ ብርዱ እንዳይገባ ዚፑን እስከ ታች ዘጋችው።

ዕቃውን አጥባ ሳትጨርስ መስታወት ግንባሯን ይዛ እየተንገዳገደች ወጣች። "እትዬ፣ ራሴን ወቀረኝ። መቅዲ ደግሞ አስመለሳት።"

ዝናሽ ገብታ አየቻት። ልጅቷ ገርጥታለች፣ እጇ ሲይዙት ይዝለፈለፋል። ዝናሽ አላመነታችም። "ምች ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በላች አይደል?" ዳማከሴውን በመዳፏ አሽታ አሸተተቻት፣ ግንባሯን ቀባቻት። ያመጡትን ልብስ ሁሉ ከላይ ደራረበችባት። "በደንብ ያልባት፣ ይለቃታል" አለችና ዚፑን ከውስጥ መልሳ ሳበችው።

"የደኑን ጠባቂ እንጥራው" አለች መስታወት ከውጭ።

"አብደሻል? ኢቃማ ቢጠይቀኝስ? ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለኝ አታውቂም? ፖሊስ ከጠራ ነገ የምገኘው እስር ቤት ነው።"

"እሺ፣ ምች እንዴት ሁለታችንን አንድ ላይ ይመታናል?"

ዝናሽ ወደ መቅዲ ዞረች። የገዛ ራሷም ይወቅራት ጀምሯል። "መቅዲ" አለች። "መቅዲዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዝናሽ።" ብትነቀንቃትም ዓይኗን አልገለጠችም። የዝናሽ ዓይን ምድጃው ላይ አረፈ። ፍሙ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ቀይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጠባቂው በር ላይ የተናገረው ያን ጊዜ ገባት።

ፈራች። እንዴት አትፈራም? ስንት ዓመት ከፖሊስ እየተሸሸገች የኖረች ሴት ናት። ግን የልጅቷን ፊት አየችና "ወረቀቱ ገደል ይግባ" አለች። ዚፑን በጥሳ፣ ከመስታወት ጋር መቅዲን ጎትታ አየር ላይ አወጣቻትና፣ እየወደቀች እየተነሳች የጠባቂውን ስም እየጠራች ሮጠች።

ጁነይድ መኪናውን አስነስቶ መስኮቱን ሁሉ ከፈተና ከታች መንደር ወዳለው ክሊኒክ አበረራቸው። ወረቀት አልጠየቀም። ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ዝናሽም ይህን እያወቀች ነው የጠራችው። ሐኪሟ ኦክስጅን የመቅዲ አፍንጫ ላይ ካደረገችላት በኋላ፣ ፍም የማይታይና የማይሸት መርዝ እንደሚተፋ፣ በሩ ሲዘጋ ሰው ያንኑ እየሳበ እንደሚያንቀላፋ ነገረቻቸው። "እንዲያልባት ብላችሁ መሸፈናችሁ ሳይሆን ከሰል አስገብታችሁ መዝጋታችሁ ነው ሊገድላት የነበረው። ትንሽ ብትዘገዩ አትነቃም ነበር" አለች።

መቅዲ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ዝናሽን ነው።

"እትዬ ዝናሽ፣ ምች ነው የመታኝ?"

"አዎ" ብትላት ታምናት ነበር። መስታወትም አፏን ትይዝላት ነበር፤ የዝናሽ ስምም እንደተከበረ ወደ ቡርጅ ይመለስ ነበር። ዝናሽ የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"አይደለም፣ የኔ ልጅ። የመታሁሽ እኔ ነኝ።"

እህቶቼ፣ ብርድ በየቤታችን አለ፤ ድንኳን ውስጥ ብቻ አይደለም። ከሰል ያቀጣጠላችሁ ሁሉ፣ ጭሱ ወጣለት ብላችሁ ይዛችሁት አትግቡ። ወረቀት የሌላት እህት ስትታመምም ፍርሃታችሁ ከነፍሷ አይብለጥ፤ ሰው ጥሩ። በከሰል አጠገብ ራስ ምታት ሲመጣ ምች ነው፣ ቡዳ ነው፣ ብርድ ነው እያላችሁ አትከራከሩ። መጀመሪያ በሩን ክፈቱ። የበሽታውን ስም በኋላ ታወጡለታላችሁ።