ባለ አንድ ዓይኗ ሮቦት

«ካሜራ! በገዛ ግቢዬ!» ወይዘሮ ዘይነት ገና አሁን ያወለቁትን ሻሽ አፈፍ አድርገው ፀጉራቸውን ሸፈኑ። «ሳፋው ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ ምንድን ነው?»

ሳፋው ላይ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ኳስ ተንሳፍፋለች። ከሞተ ኮምፒውተር የተነቀሉ ሁለት ማራገቢያዎች እየገፏት፣ መሀል ላይ የቆሙትን የወተት ቆርቆሮዎች ትዞራለች። አንዷ ጥቁር ዓይኗ ታብረቀርቃለች።

ተስኒም ለእናቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጓደኛዋ ጸሎት ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አዎ እትዬ ዘይነት፣ ካሜራ ነው። ግን አልተከፈተም።»

«ካሜራ ያው ካሜራ ነው» አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው በባልዲ ልብስ ማጠብ ጀመሩ። ደህናው ሳፋቸው ጠፈር ከሆነ ሰንብቷል።

ቆርቆሮዎቹ የጠፈር ጣቢያ ናቸው። ኳሷ ደግሞ በጣቢያው ዙሪያ እየበረረች ስንጥቅ የምትፈልግ፣ የላላ ብሎን የምታጠብቅ ሮቦት እንድትሆን ነው የታሰበችው፤ ጠፈርተኛው ለጥቃቅኑ ሁሉ ያን ከባድ ልብስ ለብሶ እንዳይወጣ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። እውነተኛዋ ካሜራ ግን ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ሲሞክሯት ውሃ ገብቷት ሞተች። በቦታዋ በክር የታሰረው የልብስ ቁልፍ ነው።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ አውደ ርዕይ ነገ ነው። ጸሎት ለመምህር ምናሴ «ካሜራው ይሠራል» ብላቸዋለች። አስቀድማ በስልኳ የቀረጸችውን ስንጥቅ፣ ሮቦቷ እያየችው እንደሆነ አድርጋ ልታሳይ ነው።

«አየሽ? እናትሽ እንኳ አመኑ!» አለች በሹክሹክታ። «ዳኞቹማ ጭራሽ አይነቁም።»

«ደከመኝ፣ ጸሎት።»

«አታካብጂ ባክሽ! ካሸነፍን አዲስ አበባ ነን። ካሜራ የላትም ካልን ግን የሚዞር ኳስ ብቻ ነው የሚቀረን።»

እውነቷን ነው። ተስኒም ማጣበቂያውም ባትሪውም፣ የጸሎት ነገርም ታክቷታል፤ ዝም ብሎ ማለፉ ይቀል ነበር። ቀና ስትል ግን እናቷን አየች። ከጠዋት ጀምረው ገበያ የዘጌ ቡና ሲሸጡ የዋሉ ሴት ናቸው። ሻሹ በላብ ርሶ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። አንዱ እጃቸው አረፋ ውስጥ ነው፣ በሌላው ሻሹን ወደ ፊት ይጎትታሉ። ኳሷ ዞራ ወደ እሳቸው በመጣች ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

ተስኒም መቀስ አነሳች።

«አንቺ! መምህር ምናሴን ነገ ምን ልንላቸው ነው?»

«ካሜራዋን ጣና በላት እንላቸዋለን።»

ክሩን ቆረጠችው። ቁልፉን ወስዳ በእናቷ እርጥብ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ካሜራ አይደለም። ዋሽተንሽ ነው። ሻሽሽን አውልቂው።»

ወይዘሮ ዘይነት ቁልፉን አገላብጠው አዩት፤ ወደ ብርሃኑም ከፍ አደረጉት። ከዚያ ሻሹን ቀስ ብለው ፈቱ።

«ይኼ የአባትሽ ኮት ቁልፍ አይደለም እንዴ? እስካሁን የተሸፋፈንሁት ከባሌ ኮት ነው በይኛ።»