ቁልቁለቱ ላይ የታሰረ ክር

የዚያን ቀን ከሳነቴ አምባ ስወርድ የጫማዬን ክር ማን አሰረው? ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ሙት ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ወሬ ሲነሳ ከሰው መሃል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፤ ትምህርት የጀመርኩት እድሜዬ ከገፋ በኋላ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ያላጣራሁትን መቀበል ይከብደኛል፣ የምሠራውም ሮቤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው፣ መጽሐፍ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ሳልመልስ የማላልፍ ዓይነት ሰው ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ሯጭ ነበር። አምና ለልምምድ ሳነቴ እንደወጣ ጉም ዘጋበት፣ በረዶ ወረደ፣ በማግስቱ ከብት ጠባቂዎች ድንጋይ ተደግፎ አገኙት፤ ብርዱ ነው የገደለው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጓደኞቹ ከዚያ ቦታ እስከ ጎባ ከተማ ቁልቁል ሊሮጡለት ተነጋገሩ። እናቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት፣ «አንቺ ሂጂልኝ፣ መንገዱን በእግርሽ ሂጂበት፣ ያየሽውንም አንድ ሳትቀሪ ንገሪኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ጫማ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ጫማ ሻጩ ጋሽ ጀማል አንድ ነጭ፣ ሶሉ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ አወጡልኝ።

«ይቺን ውሰጂ ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ወላሂ አየር ላይ ነው የምትሄጂው።»

«እኔ የምሄደው ድንጋይ ላይ ነው ጋሼ» አልኩና ገለበጥኩት፤ ጥርስ የለውም። ሁለተኛው ጥርስ ነበረው፣ ግን የተጠጋጋ፣ የእኛ ጥቁር ጭቃ አንዴ ከገባበት የማይለቅ። ሌላው አፍንጫው ስስ ነው፣ ድንጋይ ሲመታው ጣት ያስለቅሳል። ሌላውን በሁለት እጄ ይዤ ባጥፈው ከወገቡ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ።

«የመጽሐፍ ሰው ጫማም ታነባለች እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ጋሽ ጀማል፣ ዛሬ ፈተና ላይ ተቀመጡ!» አለች ከጎናቸው ያለችው ቅመም ሻጭ።

በመጨረሻ ከክምሩ ስር ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ፣ አፍንጫው ጠንካራ የሆነ ጫማ ተገኘ። በወፍራም ካልሲ ለካሁት፣ ከጣቶቼ ፊት አውራ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተረፈ።

«ሰፋሽ እኮ!»

«ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይሄዳል ጋሼ።»

ይህን ያስተማረኝ ደረጀ ነው። ክር አስተሳሰርም ሊያስተምረኝ ደክሞ ነበር፣ «እታለም፣ ሽቅብ ስትወጪ አላላው፣ ቁልቁል ስትወርጂ ግን ተረከዝሽን እሰሪው» እያለ ክሩን በላይኛው ቀዳዳ ቀለበት ሠርቶ ያዞርና፣ ጫፎቹን አሳልፎ ይስብና፣ የተረፈውን ከስር ይወሽቀዋል። እጄ እምቢ አለ። «መጽሐፍ ላይ ቢጻፍልሽ እስካሁን በቃልሽ ይዘሽው ነበር» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በሙት ዓመቱ ቀን ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ወጣን፣ ቦታውንም አየሁት፤ ከረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች አጠገብ ያለ ተራ ድንጋይ ነው፣ ምንም ምልክት የለበትም። ልጆቹ ሮጡ፣ እኔ ቀስ ብዬ እከተላለሁ አልኩ። ገና ቀን ነበር፣ ጉሙ ግን ወዲያው መጣና መንገዱን ዋጠው። ጣቶቼ የጫማውን አፍንጫ ይመቱ ጀመር፤ እንደማንም ሰው ነበር ያሰርኩት። ከኋላዬ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቆምኩ፣ ቆመ። ሄድኩ፣ ሄደ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፤ ግን የእኔ እርምጃ እኩል ነው፣ ያኛው ግን ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፣ ደረጀ ሲደክመው እንደሚያደርገው።

«ማነው?» አልኩ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፣ እመኑኝ፣ ከቀብሩ ቀን በላይ። ያኔ ተረከዜ ወደ ኋላ ተሳበ፣ መጀመሪያ የቀኝ፣ ከዚያ የግራ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። ቀና ስል ማንም የለም። ክሮቹ በላይኛው ቀዳዳ ዞረው ታስረዋል፣ ጫፎቻቸው ከስር ተወሽቀዋል። ወፍራም ጓንት እጄ ላይ ነበር፤ በጓንት ክር ለማሰር የሞከረ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል።

እስከ ጎባ ጣቴን አንዴም አላመመኝም። እዚያ የጠበቀኝ ከድር፣ የደረጀ የልምምድ ጓደኛ፣ ውኃ ሊሰጠኝ ሲጠጋ ዓይኑ እግሬ ላይ ቀረ።

«እታለም፣ ይሄን ማን አሰረልሽ?»

«ራሴ ነኛ!»

ወደ ተራራው ተመለከተ፣ «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። ቤት ስገባ ጫማውን ሳልፈታ ጎትቼ አወለቅኩት፤ እስካሁን እንደታሰረ ነው፣ አንዳንዴ ሳየው ከተውኩት ይልቅ የጠበቀ ይመስለኛል።

ለእናቴ ያን ቀን የነገርኳት ስለ ድንጋዩና ስለ ጅብራው ብቻ ነው። ሌላውን ያወጣሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው፣ ደጃፋችን ላይ አብረን እሸት ባቄላ ስንፈለፍል፣ እንዴት እንዳመለጠኝ ሳላውቅ። አልደነገጠችም፣ አላማተበችም፣ እጇ ብቻ ባቄላው ላይ ቆመ።

«ሲያስርልሽ» አለች፣ «እጁ ሞቅ ይል ነበር?»