የጎደለው አምስት ኪሎ

ኪሩቤል የመኪና ፍጥነት ውድድሩን መጨረሻ መስመር ቀድሞ አለፈ፤ ግን አልቆመም። መኪናዋ ከግራር ጋር ተላትማ ሲደርሱለት ሞቷል። ሐዋሳ መቼ ምርመራ ትጠብቃለች፤ «ፍሬኑን የነካካው ሜካኒኩ ነው» ተባለና ኦሊያድ ታሰረ። ሚስቱ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ከማልቀስ በቀር ምን ታድርግ?

ኢንስፔክተር ብርቅዬ ፍሬኑን አስፈተሸች፤ ደህና ነው። ከፔዳሉ ጀርባ ግን አዲስ የብረት ጭረት አየች። የውድድሩን መኪናዎች የመዘነውን ፊልሞንን አስጠራችው።

«የኪሩቤል መኪና ለምድቡ ብቁ ነበረች?»

«በሞተሯ አዎ። ለዚያ ሞተር ግን ክብደቷ ከሰባት መቶ ኪሎ ማነስ የለበትም፤ አምስት ጎደላት። ኦሊያድ ‹መጣሁ› ብሎ ሄደ፣ ኪሩቤልም ተናዶ ራቅ አለ። ኦሊያድ ሳይመለስ ድጋሚ መዘንኳት፤ ሞላች።»

«በምን ሞላች?»

«ሚዛኑ ተሳስቶ ነው ብዬ አሳለፍኳት።»

አይ ፊልሞን!

«መኪናዋ ጋ ማን ቀርቶ ነበር?»

«የኪሩቤል አባት፣ ጋሽ ሽበሺ ብቻ።»

ብርቅዬ ለቅሶ ልትደርስ መናኸሪያ ወደሚገኘው የጋሽ ሽበሺ ቤት ሄደች። በሽንኩርት ሱቃቸው ሚዛን አጠገብ የአንድና የሁለት ኪሎ ብረቶች ተደርድረዋል፤ አምስቱ የለም። ኦሊያድንና ፊልሞንን እዚያው አስመጣች።

«መኪና በራሷ አትከብድም፤ ሰው ጨምሮባታል» አለች። «ያልታሰረ ክብ ብረት፣ ፍሬን ሲያዝ ከወንበር ስር ተንከባሎ ይመጣል። ፔዳሉ ስር ከገባ ፍሬኑ አይወርድም። ከአደጋው በኋላ ብረት አላገኘንም፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው አንስቶታል። ጋሽ ሽበሺ፣ ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት። አምስት ኪሎዎ የት አለ?»

ሽማግሌው ከሽንኩርት ጆንያ ኋላ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ስንት ለፍቶባታል። ሲመልሱት ፊቱን ማየት አቃተኝ። ማጭበርበር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የደበቅኩት።»

«እኔስ ጋሼ?» አለ ኦሊያድ።

«ልናገር መጥቼ ነበር ልጄ። በሩ ላይ ሚስትህን ሳያት ተመለስኩ።»

ኦሊያድ ብረቱን አንስቶ አገላብጦ አየው። ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው አልመጣለትም።

«ማጭበርበር አይደለም እኮ ጋሼ። ክብደት መጨመር ይፈቀዳል፤ በብሎን ይታሰር ነው የሚሉት። እኔ እኮ የሄድኩት ብሎን ላመጣ ነበር።»

ጋሽ ሽበሺ ሁለት እጃቸውን ለብርቅዬ ዘረጉላት፤ እሷ ግን ካቴና ልታስርባቸው አቃታት።